«ቀደር ነው» ማለት ያለበት ማን ነው?



ዛሬ የምናወራው ስለ ስልክ ነው። ስለ ስልክ ሱስ አይደለም፤ እሱን ብዙ ጊዜ ሰምታችኋል፣ ሰልችቷችሁም ይሆናል። የምናወራው የሰው ስልክ እጃችን ላይ ሲሰበር ስለምንሆነው ነገር ነው።

ነገሩ የሆነው እዚሁ ቦምቤ ነው፣ በዒድ ቀን። ሰላት ተሰግዶ፣ ሰው ተቃቅፎ «ዒድ ሙባረክ» ከተባባለ በኋላ እንደ ሁልጊዜው ፎቶ ተጀመረ። ከመካከላችን ጥሩ ካሜራ ያለው ስልክ የያዘው አንድ ልጅ ብቻ ነበር። ሳምሰንግ ነው፤ ሳዑዲ በሰው ቤት የምትሠራ እህቱ ናት የላከችለት። ስልኩ የመጣ ሰሞን ላዩ ላይ ያለውን ላስቲክ እንኳ ሳይልጥ ሁለት ወር ያህል ይዞት ስለነበር እንስቅበት ነበር። የዚያን ቀን «እኛን አንሳን» ብሎ ለጓደኛው ሰጠው። ጓደኛው ሁለት ሦስት ፎቶ አነሳና «እኔም ልግባ እንጂ» ብሎ አጠገቡ ለነበረው ለሌላ ልጅ አቀበለው። ተቀባዩ የሰው ባጃጅ የሚነዳ ልጅ ነው፤ በአንድ እጁ ብስኩት ይዟል። በሌላኛው እጁ ሊያነሳን ሲሞክር ስልኩ አመለጠውና በሩ ላይ ያለው ሲሚንቶ ላይ በአፍጢሙ ወደቀ።

ባለቤቱ ጎንበስ ብሎ አነሳው። መስታወቱ ተሰነጣጥቋል፣ ግማሹ ጠቁሯል፣ በቀረው ግማሽ ላይ አረንጓዴ መስመር ከላይ እስከታች ይታያል። የባጃጁ ልጅ ደነገጠ። ከአፉ የወጣው የመጀመሪያ ቃል ግን ይህ ነበር፦ «ቀደር ነው ወንድሜ፣ አላህ በኸይር ይተካህ!»

እኛስ? እኛም ተቀበልነው። «አዎ፣ ሰብር አድርግ!»፣ «ዱንያ ናት!»፣ «በዒድ ቀን እንዳትከፋ!» አልን። ባለቤቱ «እሺ» አለ። ሌላ ምን ሊል ይችላል? ሃያ ሰው ከቦት ሰብር አድርግ እያለው «ገንዘቤን» ቢል ዱንያ ወዳድ እሱ ሊሆን ነው። በአንድ ደቂቃ ውስጥ የተጎዳውን ሰው ተፈታኝ፣ የጎዳውን ደግሞ መካሪ አደረግነው። ይህን ያደረግነው እኛ ነን፤ በዚህ ጽሑፍ ማንንም ከመውቀሳችን በፊት ይህን መናገር አለብን።

ቦምቤ ያሉት ጠጋኞች ስክሪኑ የለንም፣ ሶዶ ሂድ አሉት። ሶዶ ሄደ። ኦርጅናሉ 18 ሺህ ብር ነው ተባለ። ትራንስፖርቱን ከስሮ ባዶ እጁን ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ሁለቱ ልጆች በአንድ ሶፍ ቆመው እየሰገዱ ሲወጡ ግን ሰላምታ አይለዋወጡም ነበር። ወንድማማችነት ሲፈርስ እንዲህ ነው፤ ጩኸትም ዱላም የለበትም።

አሁን ወደ ነገሩ እንግባ። የሆነው ሁሉ በአላህ ቀደር እንደሆነ የሚጠራጠር ሙስሊም በመካከላችን የለም። ስልኩ መውደቁ ቀደር ነው። ታዲያ ያንን ቃል ማን ነው የሚናገረው? ባለቤቱ ሲናገረው ሰብር ነው፣ ምንዳ አለው፣ ልቡን ያረጋጋበታል። ሰባሪው ቀድሞ ሲናገረው ግን ትርጉሙ «አልከፍልህም» ነው። በሰባሪው አፍ ላይ ሊቀድም የሚገባው ቃል ሌላ ነው፦ «ይቅርታ፤ ስንት ነው የሚሠራው?»

ብዙዎቻችን የምናደባልቀው ሁለት ነገር አለ፦ ወንጀልና ዕዳ። ሳያስበው፣ ሳይፈልገው የሰው ንብረት ያበላሸ ሰው በአላህ ዘንድ ወንጀለኛ አይደለም፤ ስህተት ከዚህ ኡመት የተነሳ ነው። ዕዳው ግን አይነሳም፤ የሰው ሐቅ ነውና። ቁርኣን በስህተት ሰው ለገደለ እንኳ የደም ካሳ ደንግጓል፣ የሟች ቤተሰብ ይቅር ካላለ በቀር። ነፍስ በስህተት ስትጠፋ ካሳ ካለ፣ ስልክ በስህተት ሲሰበር «አውቄ አይደለም» የሚለው ቃል ብቻውን ምን ያህል ይርቃል?

ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤት የተዘገበውን የሳህን ታሪክ አስታውሱ። ቡኻሪ ዘግበውታል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከባለቤቶቻቸው በአንዷ ቤት ሳሉ ሌላኛዋ ባለቤታቸው በአገልጋይ እጅ ምግብ በሳህን ላከች። የቤቱ ባለቤት፣ በሌሎች ዘገባዎች ዐኢሻ (ረ.ዐ) እንደሆነች ተጠቅሷል፣ ቅናት ይዟት የአገልጋዩን እጅ መታችና ሳህኑ ወድቆ ተሰበረ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አልጮሁም። ስብርባሪውን በእጃቸው ሰበሰቡ፣ የፈሰሰውን ምግብ መለሱበት፣ ለእንግዶቹም እናታችሁ ቀናች የሚል ቃል ተናገሩ። ይቅር ባይነቱ፣ ርኅራኄው ይኸው ነው። ነገር ግን በዚያ አላበቁም። አገልጋዩን አቆይተው ከዚያው ቤት ሙሉውን ሳህን አስወጥተው ሳህኗ ለተሰበረባት ላኩ፤ የተሰበረው በሰበረችው ቤት ቀረ። እኛ የዚህን ታሪክ የመጀመሪያ ግማሽ እንወደዋለን፤ ኹጥባ ላይም ስለ ትዳር ሲወራ እንሰማዋለን። ሁለተኛውን ግማሽ፣ ሙሉው ሳህን ወደ ባለቤቷ የሄደበትን፣ ስንቶቻችን እናስታውሳለን?

ሌላም አለ። በሁነይን ዘመቻ ዋዜማ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከሰፍዋን ኢብን ኡመያ የጦር ልብስ ተዋሱ። ሰፍዋን ያን ጊዜ ገና አልሰለመም። በጉልበት ልትወስድብኝ ነው ወይ ብሎ ሲጠይቅ፣ አይደለም፣ ዋስትና ያለው ውሰት ነው አሉት። ከልብሶቹ የተወሰኑት ጠፉ፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ልካስህ አሉት። ሰፍዋን ግን ዛሬ ልቤ ወደ እስልምና ያዘነበለ ነው ብሎ ካሳውን ተወ። ቅደም ተከተሉን ተመልከቱ፤ መጀመሪያ ተዋሹ ካሳውን አቀረበ፣ ከዚያ ባለቤቱ ተወ። እኛ ዘንድ የሚሆነው የዚህ ግልባጭ ነው። ተዋሹ «ተወው» እያለ ባለቤቱን ያስተውታል።

ይህ ታሪክ ለእኛ ለወላይታ ሙስሊሞች ተጨማሪ ነገር አለው። ጎረቤታችን፣ የክፍል ጓደኛችን፣ አብሮን ሱቅ የሚሠራው ልጅ ብዙውን ጊዜ ሙስሊም አይደለም። የእሱን ስልክ ተውሰን ብንሰብር «ሙስሊም ለሙስሊም ይቅር ይባባላል» የሚለውን ቃል ለማን ልንለው ነው? ሐቁ ሐቅ ነው።

የፊቅህ ሊቃውንት በዝርዝሩ ላይ ተለያይተዋል፤ ይህንንም መደበቅ አያስፈልግም። በሻፊዒና በሐንበሊ መዝሀብ የተዋሰ ሰው ዕቃው እጁ ላይ ቢጠፋ ወይም ቢሰበር፣ ጥንቃቄ ቢያደርግም እንኳ፣ ይከፍላል። በሐነፊ መዝሀብ የተዋሱት ዕቃ አማና ስለሆነ ካላጠፋ ወይም ካልተዘናጋ አይከፍልም። ማሊኪዎች ሊደበቅ የሚችለውንና የማይችለውን ዕቃ ይለያሉ። እሺ፣ በቀላሉ የሚለውን እንያዝ ብንል እንኳ፣ በአንድ እጅ ብስኩት ይዞ በሌላው እጅ የሰው ስልክ መያዝ ጥንቃቄ ነው? መልሱን ለእናንተ እንተወው።

ስልኩን ተውሶ ለሦስተኛ ሰው ያቀበለውስ? በቦምቤው ነገር የመጀመሪያው ጓደኛ ቀኑን ሙሉ ራሱን ንጹሕ አድርጎ ነበር የቆጠረው፤ «እኔ ምን አደረግኩ?» ይል ነበር። ባለቤቱ ስልኩን የሰጠው ለእሱ እንጂ ለሌላ ሰው አልነበረም። የተዋሱትን ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ለሌላ ማዋስ ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። ሰርግ ላይ፣ ኒካሕ ላይ ስልክ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ስለምናይ ይህን ረስተነዋል።

አደራ ማስቀመጥ ግን ከዚህ ይለያል። መብራት ሲጠፋ ሱቅ ውስጥ ቻርጅ እንዲያደርግልህ ለወዳጅህ ትተህለት፣ እሱም ያለ ክፍያ፣ ለአላህ ብሎ አስቀምጦልህ፣ ያለ ጥፋቱ ቢበላሽ እሱን ዕዳ ማስገባት የለብህም። ውለታ ለዋለልህ ሰው ዕዳ ሸልመህ አትሄድም። አንተ ራስህ ሰው በሚቀመጥበት ወንበር ላይ ስልክህን ትተህ ሰው ሳያይ ቢቀመጥበትም ቅሬታህን መጀመሪያ ለራስህ አቅርብ።

የሀገሪቱ ሕግም ከዚህ አይርቅም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2028 ላይ በጥፋቱ በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው ጉዳቱን መካስ እንዳለበት ይደነግጋል። ለስልክ ስክሪን ፍርድ ቤት መሄድ አለብን እያልን አይደለም፤ ሽማግሌ እያለ ማን ይሄዳል? «ይሄ የእናንተ የሃይማኖት ጉዳይ ነው» ለሚል ብቻ እናስታውሰው።

እስካሁን ሰባሪውን ነው የገሰጽነው። ባለቤትም ድንበር አለው። የሁለት ዓመት ስልክ ተሰብሮበት አዲስ ከነካርቶኑ የሚጠይቅ አለ። ይህ ካሳ አይደለም፣ ንግድ ነው። የሚጠገን ከሆነ የጥገናው ወጪና ከዋጋው የጎደለው ነው የሚታየው። ፈጽሞ የማይጠገን ከሆነ ደግሞ በዚያ ቀን፣ በዚያ ሁኔታው ገበያ ላይ የሚያወጣው ዋጋ። ስክሪኑ ቀድሞም ጥግ ላይ ተሰንጥቆ ነበር? እሱም ይቆጠራል። ኦርጅናል ስክሪን የነበረውን ሰው በኮፒ ስክሪን ካስከው ደግሞ ገና ዕዳ አለብህ፤ ኮፒ የነበረውም ኦርጅናል ይገባኛል ማለት አይችልም።

ዋጋው ራሱ ፀብ ይሆናል፣ በተለይ ዘንድሮ ዘንድሮ። ሐምሌ 22/2016 የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ወደ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ስልኩም ስክሪኑም ከውጭ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ከዚያ በፊት ስልክ የገዛ ሰው «በገዛህበት ዋጋ እከፍልሃለሁ» ቢባል ተበደለ ማለት ነው፤ በዚያ ብር ዛሬ ያንኑ አያገኝም። በሌላ በኩል ያገለገለውን በአዲሱ ዋጋ ከተመነው ሰባሪው ተበደለ። ሁለቱም የማያውቁት፣ ከሁለቱም የማይወግን ስልክ ነጋዴ ቢጠየቅ ይሻላል። ነጋዴው የሰባሪው አጎት ከሆነማ ሌላ ሽማግሌ ያስፈልጋል።

ጊዜ መስጠትም አለ። ዕዳ ያለበት ሰው ከተቸገረ እስኪያገኝ መጠበቅ የቁርኣን ትእዛዝ ነው፣ መተው ደግሞ የበለጠ ነው። የሰው ባጃጅ የሚነዳ ልጅ ለባለቤቱ ገቢ አስገብቶ፣ ነዳጅ ቀድቶ በሚተርፈው ብር 18 ሺህ በአንድ ቀን አምጣ ማለት ስረቅ ከማለት አይሻልም። የልጁን ፎቶ ለጥፎ «ይህ ሰው ስልኬን ሰብሮ ጠፋ» እያሉ በየግሩፑ መላክማ የሐሜትና የማዋረድ በር ነው። ብር ትቀበል ይሆናል፣ ክብሩን ግን በስንት ትመልስለታለህ?

እግረ መንገዳችንን ስለ ስልኩ ራሱም ትንሽ እንበል፤ በመጀመሪያው ሰዓት የሚሠራ ስህተት ትንሹን ጉዳት ትልቅ፣ ትንሹንም ዕዳ ትልቅ ያደርገዋልና። አጆራ ፏፏቴ ሄዶ ስልኩን ያላረጠበ ጎረምሳ ካለ እሱ ስልክ የሌለው ነው። ውሃ የገባበትን ስልክ «ይሠራል ወይ?» ብሎ ቻርጀር ላይ መሰካት ከውሃው በላይ ይገድለዋል። ወዲያው አጥፉት፣ ሲምና ሜሞሪ ካርዱን አውጡ፣ የቻርጀሩን ቀዳዳ ወደ ታች አድርጋችሁ በእጃችሁ ቀስ አድርጋችሁ አራግፉት፣ ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ አስቀምጡት። ሩዝ ውስጥ መቅበሩን ተዉት። አፕል እ.ኤ.አ. በ2024 ደንበኞቹን የሩዝ ብናኝ ስልኩን ሊጎዳ ስለሚችል ይህን አታድርጉ ብሏል። ፀሐይ ላይ ማስጣትም፣ ምድጃ አጠገብ ማድረግም አያዋጣም። «ውሃ አያስገባም» የተባለውም ቢሆን ለዘላለም አይደለም። አይ ፒ 67 የሚባለው ደረጃ ለግማሽ ሰዓት፣ እስከ አንድ ሜትር ጥልቀት ነው፤ እሱም በአዲስነቱ። አንዴ የተከፈተና የተጠገነ ስልክ ያንን አቅሙን እንደያዘ አትቁጠሩት። ከወደቀ በኋላ ጀርባው ካበጠ ደግሞ ባትሪው ነው፤ አትጫኑት፣ ቻርጅም አታድርጉት፣ ወደ ባለሙያ ውሰዱት።

ከሁሉም በላይ ልባችንን የሚያስፈራው ግን የስክሪኑ ዋጋ አይደለም፣ ስልኩ ውስጥ ያለው ነው። እህቶቻችን፣ ይህን በደንብ ስሙን። ቤት ውስጥ ያለ ሒጃብ የተነሳችሁት ፎቶ፣ የእናታችሁ፣ የጓደኛችሁ የሰርግ ቪዲዮ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው። ቴሌብርም እዚያው ነው። ስልክ ለጥገና ስትሰጡ የይለፍ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አትለጥፉ። ሲሙን አውጡ። ከተቻለ አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ አስጠግኑ። ስክሪኑ አሁንም የሚነካ ከሆነ አዳዲስ ሳምሰንጎች ላይ ፎቶና መልእክት የሚደብቅ «ሜይንተናንስ ሞድ» የሚባል አለ፤ ከመስጠታችሁ በፊት አብሩት። የተቀየረውን አሮጌ ስክሪንም ጠይቃችሁ ውሰዱ፤ የእናንተ ንብረት ነው። የሌላ ሰው ስልክ የሰበረ ወንድም «እኔ ላስጠግንልሽ» ብሎ ስልኳን ይዞ ሲሄድም ይህንኑ ያስብ፤ ዕዳውን ሲከፍል ሌላ አማና እየተሸከመ ነው።

ለጠጋኝ ወንድሞቻችንም አንድ ቃል አለን። ከዐሊይ (ረ.ዐ) እንደሚዘገበው የሰው ዕቃ ተቀብለው በክፍያ የሚሠሩ ባለሙያዎች እጃቸው ላይ ለተበላሸው ተጠያቂ ያደርጓቸው ነበር፤ የሰዎች ጉዳይ ያለዚህ አይስተካከልም ብለው። «ስንከፍተው ሞተ» የሚለው ቃል በየሱቁ ለምዶብናል። ስትከፍተው ከሞተ ከመክፈትህ በፊት ሊሞት እንደሚችል ንገረው፣ ይወስን።

ተጠግኖ የሚሸጥ ስልክም አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ላይ እህል ክምር ውስጥ እጃቸውን ሲያስገቡ እርጥበት አገኙ። ባለቤቱ ዝናብ መትቶት ነው ሲል፣ ታዲያ ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ አላደረግከውም አሉት፤ የሚያጭበረብር ከእኛ አይደለም የሚለውም ቃል የመጣው በዚያ ነው። ሙስሊም ዘግበውታል። ያም ውሃ ነበር፣ ይህም ውሃ ነው። ውሃ የጠጣ ስልክ አድርቀህ፣ አጽድተህ፣ አዲስ ከቨር አልብሰህ «ችግር የለበትም» ብለህ ስትሸጥ እርጥቡን እህል ከታች እያደረግክ ነው።

ወደ ልጆቹ እንመለስ። ነገሩን የፈታው እኛ አይደለንም። በመስጂዱ ሁላችንም የምናከብራቸው አንድ አዛውንት ሁለቱ ሰላም እንደማይባባሉ አስተዋሉ። ከዐስር በኋላ ሦስቱንም ጠርተው አስቀመጧቸው፣ እኛም ተከትለን ተቀመጥን። ስለ ስልክ ብዙ አያውቁም፤ የራሳቸው ስልክ ባለ በተን ነው። የባጃጁን ልጅ «ልጄ፣ የአባትህ ፍየል የዚህን ልጅ አባት በቆሎ ብትበላ ኖሮ አባትህ ምን ይሉ ነበር?» አሉት። «ይከፍላሉ» አለ ልጁ። «ፍየሏ አውቃ ነው የበላችው?» አሉት። ሁላችንም ሳቅን፣ እሱም ሳቀ። ከዚያ በሱረቱል አንቢያእ የተጠቀሰውን፣ የሰው በጎች በሌሊት የሰው እርሻ ገብተው ያጠፉበትንና ዳውድና ሱለይማን (ዐ.ሰ) የፈረዱበትን ጉዳይ ነገሩን። ሙፈሲሮች እንደሚያብራሩት የሱለይማን ፍርድ በጎቹን ለዘለቄታው መውሰድ አልነበረም። የእርሻው ባለቤት እርሻው እስኪያገግም ድረስ በበጎቹ ይጠቀማል፣ የበጎቹ ባለቤት እርሻውን ወደነበረበት ይመልሳል፣ ከዚያ ሁሉም ወደ ንብረቱ። ጉዳቱ ይጠገናል፣ ያጠፋውም አይራቆትም።

አዛውንቱ «ይህ ፈትዋ አይደለም፣ ሱልሕ ነው» ብለው ነው የጀመሩት። ከ18 ሺው 9 ሺውን የባጃጁ ልጅ፣ 5 ሺውን ስልኩን ያቀበለው ጓደኛ እንዲከፍሉ፣ በየሳምንቱ ጁሙዓ ጁሙዓ፣ ያገኙትን ያህል። የቀረውን ባለቤቱ ራሱ «እኔ እችለዋለሁ» አለ። ማንም አልገፋውም። እኛም «ሰብር አድርጉ» ስንል የነበርነው ያን ቀን ኪሳችንን ፈትሸን ለሶዶ መሄጃ ትራንስፖርት አዋጣን፤ ብዙ አልነበረም፣ ዘግይቶም ነበር።

ስክሪኑ ተቀይሯል። ልጁ ለእህቱ እስከዚያ ድረስ ኔትወርክ የለም እያለ ነበር በድምፅ ብቻ የሚያወራት፤ የምትልከው ብር ስንት ሌሊት እንደሆነ ስለሚያውቅ። የባጃጁ ልጅ ጓደኛውን አግኝቶ ለሰላምታ እጁን ሲዘረጋ ካየን ሁለት ወር ሆኖናል። 1 ሺህ ብር ቀርቶበታል። ባለፈው ጁሙዓ ባለቤቱ «ተወው፣ ሐላል ብዬሃለሁ» ሲለው «አይ፣ እሱን ልጨርሰውና ከዚያ ትለኛለህ» ብሎት ወደ ባጃጁ ሄደ።